ፍኖተ ሐሊብን ከሐዋሳ ፎቶ ማንሣት ለምን አቃተኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ዓምድ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ያገለገለ ካሜራ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ከሚደርስ ሌንሱ ጋር ገዝቼ የሌሊቱን ሰማይ፣ በተለይም ፍኖተ ሐሊብን (ሚልኪ ዌይ የሚባለውን የጋላክሲያችንን የብርሃን መስመር) ፎቶ ለማንሣት ስደክም ቆይቻለሁ። ያነበብኳቸው መመሪያዎች በሙሉ የተሻለው ጊዜ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው እንደሆነ ስለሚናገሩ ሁለት ክረምት ሙሉ በፍቅር ሐይቅ ዳር ትራይፖዴን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያዬን) ተክዬ ብጠብቅም ያተረፍኩት የደመና ፎቶ ነው፤ ደመናው ገለል ባለባቸው ጥቂት ሌሊቶችም ሌንሱ ላብ እንደያዘው ፊት ይረጥብና ከዋክብቱ ጭጋግ ውስጥ የገቡ ይመስላሉ። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በተጋረደችበት ምሽት እንኳ እኔ ያየሁት ከደመና ጀርባ የደበዘዘ ቅላት ብቻ ነበር። ባለፈው የካቲት ደግሞ ሰማዩ ጠርቶልኝ ሌሊት ተነሥቼ ከዚያው ስፍራ ብሞክር ፎቶው በከተማው መብራት ታጥቦ ወጣ። ጥፋቱ የካሜራዬ ነው? የተሻለ ሌንስ ወይም የብርሃን ማጣሪያ ልግዛ? ወይስ ሐዋሳ ላይ ሆኖ ይህን ማሰብ ከንቱ ድካም ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ የካሜራዎ አይደለም፣ የሐዋሳም አይደለም። ከደብዳቤዎ እንደተረዳነው በክረምት የቆሙት ለሰማዩ አቅጣጫ በሚስማማ ስፍራ ላይ ሆኖ ወሩ ግን አልተስማማም፤ በየካቲት ደግሞ ወሩ ሲስማማ ስፍራው ሳይስማማ ቀረ። እንግዲህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ይቀድማል።

የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል፣ ማለትም የጋላክሲያችን እምብርት፣ ሳጂታሪየስ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ የሚገኝ ሲሆን ከሰማይ ወገብ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ትይዩ ሰማይን ለሁለት ከሚከፍለው መስመር፣ 29 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ይህ እምብርት በደቡብ በኩል ከአድማስ እስከ 54 ዲግሪ ድረስ ከፍ ይልልናል፤ ከምድር ወገብ 50 ዲግሪ ርቆ ለሚኖር አውሮፓዊ ግን ከ11 ዲግሪ አያልፍም። እንዲያውም ከጠቅላላው ሰማይ ለዘለዓለም ከእኛ ዓይን የሚሰወረው ከ1 በመቶ ያነሰው ብቻ ነው። መመሪያዎቹ ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን የሚመርጡት በእነዚህ ወራት እምብርቱ ከምሽት ጀምሮ ለብዙ ሰዓታት ስለሚታይ ነው፤ ይህም እውነት ለእኛም እንደዚያው ነው። ችግሩ ጸሐፊዎቹ በጋ ብለው የሚጠሩት ወቅት የእኛ ክረምት መሆኑ ላይ ነው። ሰማዩ ድግሱን የሚደግሰው እኛ በር ዘግተን የቆርቆሮ ላይ ዝናብ በምናዳምጥበት ሰሞን ነው።

እንደ እድል ሆኖ ዓመቱ ሁለት ፋታ ይሰጠናል። የመጀመሪያው ጥቅምት ነው። በሐዋሳ ዝናቡ በጥቅምት ጨርሶ አይጠፋም፤ ሆኖም ክረምቱ አየሩን አጥቦ የወጣበት፣ አቧራውም የማሳው ጭስም ገና ያልተነሣበት ወር ስለሆነ ደመናው በተከፈተ ቁጥር ከዋክብቱ እጅ የሚደርስባቸው ይመስላሉ። በወሩ አጋማሽ ምሽት 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሙሉ ጨለማ ሲሆን እምብርቱ በደቡብ ምዕራብ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይጠብቅዎታል፤ 3 ሰዓት ተኩል ላይም ይጠልቃል። ወደ አድማስ ሲቃረብ ብርሃኑ በወፍራም አየር ውስጥ ስለሚያልፍ በእርግጥ የሚጠቅመው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥምና ትራይፖዱ ፀሐይ ስትጠልቅ ተተክሎ መገኘት አለበት። ልብ ይበሉ፤ ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለ በመሆኑ ከፍቅር ሐይቅ ወይም ከአሞራ ገደል ዳርቻ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲመለከቱ ከፊትዎ ያለው ጨለማው ውኃ ነው፤ መብራቱ ከጀርባዎ ይቀራል። በክረምት ሁለት ዓመት የጠበቁበት ስፍራ ዋጋ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። ከዳርቻው መዝናኛዎችና ከመንገዱ ዳር አምፖሎች ብቻ ጥቂት ራቅ ማለት ይኖርብዎታል።

ሁለተኛው ፋታ ከየካቲት መጀመሪያ እስከ መጋቢት የመጀመሪያ ቀናት ያለው ነው፤ ከዚያ በኋላ የበልጉ ደመና ይጀምራል። በየካቲት አጋማሽ እምብርቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ አልፎ መውጣት ይጀምርና 11 ሰዓት ላይ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ በደቡብ ምሥራቅ ከ30 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በዐቢይ ጾም ለኪዳን የሚነሡ እናቶች ይህን ሰማይ ከማንኛውም ፎቶ አንሺ ይበልጥ ያውቁታል። ነገር ግን ከሐይቁ ዳር ሆነው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲያዞሩ ካሜራዎ የሚመለከተው የከተማውን መብራት ነው፤ ፎቶዎ የታጠበው በዚህ ምክንያት ነው። በየካቲት መሄድ ያለብዎት ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ወደ ይርጋ ዓለም በሚወስደው አቅጣጫ ነው። በዚያ በኩል ሐዋሳም፣ ከሐዋሳ በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሻሸመኔም በአንድነት ከጀርባዎ ይሆናሉ፣ ሰማዩም በሚፈልጉት በኩል ይጠቁርልዎታል። ብዙ ጀማሪዎች ከከተማ ምን ያህል ኪሎ ሜትር ልራቅ ብለው ይጠይቃሉ፤ እኛ ግን 15 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተማውን ከጀርባ ያደረገ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተማውን ከፊቱ ካደረገ ሰው የተሻለ ፎቶ ይዞ ይመለሳል ብለን እናምናለን። ሌሊት በማያውቁት ማሳ ዳር ትራይፖድ ተክሎ መቆም ለአካባቢው ሰው ጥርጣሬን ስለሚያሳድር በቀን ሄደው የማሳውን ባለቤትና የቀበሌውን ሰዎች ማነጋገር፣ ያነሡትን ፎቶም በስልክዎ ማሳየት ይገባል። ከተቻለ የአንዱን ገበሬ ግቢ ማስፈቀድ ከሁሉ ይሻላል፤ ጅብም ሰውም አያሳስብዎትም።

የብርሃን ማጣሪያውን አይግዙ። እነዚህ ማጣሪያዎች በደንብ የሚሠሩት የድሮዎቹ ቢጫ የሶዲየም መብራቶች በሚያወጡት ጠባብ የብርሃን መስመር ላይ ነው። አሁን በየመንገዱ የሚተከለው ነጭ ኤል ኢ ዲ ግን ብርሃኑን በሁሉም ቀለማት ላይ ስለሚያሰራጭ እሱን የሚያግድ ማጣሪያ የከዋክብቱንም ብርሃን አብሮ ያግዳል። ይልቅስ ከተማው በሙሉ መብራት የጠፋበትን ሌሊት አያባክኑት፤ ጎረቤት ሁሉ ሲያማርር እርስዎ ትራይፖድ ይዘው ሲወጡ ቢታዩ ይቅርታ ይደረግልዎታል።

ስለ ጨረቃ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ባለችበት ሌሊት ፍኖተ ሐሊብ የለም። ግድግዳዎ ላይ የሂጅራ ቀን ያለበት የቀን መቁጠሪያ ካለ ከ27 እስከ 3 ያሉትን ቀናት ያክብቡባቸው፤ የጨረቃ ወር የሚያልቅበትና የሚጀምርበት ሰሞን ስለሆነ ሌሊቱ ጨለማ ነው።

ሌንሱ መርጠቡን በተመለከተ፣ ይህ ጤዛ ነው። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ወደ ሰማይ የዞረ መስታወት ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ በሐይቅ ዳር ደግሞ አየሩ እርጥበት የጠገበ በመሆኑ ጥቂት ሲቀዘቅዝ ውኃ ይቋጥራል። በጨርቅ ቢጠርጉት በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል፣ መስታወቱም ይጫጫራል። መፍትሔው መስታወቱን ሞቅ አድርጎ ማቆየት ነው። ከተንቀሳቃሽ ባትሪ በዩ ኤስ ቢ የሚሠራ የሌንስ ማሞቂያ መቀነት አለ፤ እሱን ማግኘት ካልተቻለ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ትኩስ ውኃ ሞልተው በካልሲ ውስጥ ከሌንሱ አንገት ጋር ማሰር ለአንድ ሰዓት ያህል ያገለግላል። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በካልሲው ሲሣቅበት ያደረ ቢሆንም ሌንሱ ደርቆ አድሯል። ከውኃው ጠርዝ ወደ ኋላና ወደ ከፍታ ጥቂት ሜትር መራቅም ጤዛውን ይቀንሳል፤ ለዚህ ሌላም ምክንያት አለ። የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬዎች ሣር ለመጋጥ የሚወጡት ሌሊት ነውና በጨለማ በሸምበቆና በውኃ መካከል ቆሞ በካሜራ መስኮት መመልከት የሚመከር አይደለም።

አሁን ባለዎት ሌንስ እንዲህ ይሥሩ። ሌንሱን 18 ሚሊ ሜትር ላይ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 3.5 ላይ፣ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ላይ አድርገው ፎቶውን በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ፋይል ያንሡ። ከዋክብት መስመር ሳይሠሩ ሹተሩ (የካሜራው የብርሃን መዝጊያ) ስንት ሰከንድ ይከፈት ለሚለው የተለመደው ስሌት 500ን ለሌንሱ ርዝመት ማካፈል ነው፤ እንደ እርስዎ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ) አነስተኛ በሆነ ካሜራ ላይ ርዝመቱ በ1.5 ስለሚባዛ 18 ሰከንድ ገደማ ይወጣል። እኛ ግን 13 ሰከንድ ይበቃል እንላለን፤ የዛሬ ሴንሰሮች ጥቃቅኗን መንሸራተት ሳይቀር ያሳያሉ፣ ከዚህም በላይ በፍጥነት የሚጓዙት ለሰማይ ወገብ የቀረቡት ከዋክብት ሲሆኑ በእኛ አገር እነዚህ የሚያልፉት ከራሳችን በላይ ነው። ፎከሱን በአውቶማቲክ አይተዉት፤ በካሜራው ስክሪን ላይ አንዱን ደማቅ ኮከብ አጉልተው ነጥቡ እስከሚያንስ ድረስ በእጅ ያስተካክሉና ቀለበቱን በፕላስተር ያጣብቁት። ከዚያም ካሜራው ሳይነካ 16 ፎቶ በተከታታይ ያንሡ። ሁሉም ተደምሮ አራት ደቂቃ አይሞላም፤ እነዚህን እንደ ሴኳተር ወይም ዲፕ ስካይ ስታከር ባሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ሲደራርቧቸው በፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚታየው ኖይዝ ወደ ሩብ ይወርዳል። አራት ደቂቃ ደግሞ በጥቅምት ደመና መካከል የሚገኝ ፋታ ነው። ይህን ከለመዱ በኋላ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ አንድ ያገለገለ 50 ሚሊ ሜትር ባለ ኤፍ 1.8 ሌንስ ይግዙ፤ አሁን ካለዎት ሌንስ አራት እጥፍ ያህል የደመቀ ምስል ይሰጥዎታል፤ ለእሱ ግን ከ5 ሰከንድ አይለፉ።

የፍኖተ ሐሊብ እምብርት የማይታይበትን በጋ ደግሞ ባዶ አያድርጉት። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው በሐዋሳ ደረቁና ጥርት ያለው ጊዜ ሲሆን ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ ከራሳችን በላይ ማለት ይቻላል ያልፋል፤ በመካከሉ ያለውን ደመና መሰል ኔቡላ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሳይቀር ማንሣት ይቻላል። ታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት የጀሚኒድ ተወርዋሪ ከዋክብት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሱበት ነው፤ ነሐሴ ላይ ስማቸው ከሚገነነው፣ እኛ ግን በደመና ምክንያት እምብዛም ከማናያቸው ከፐርሴይዶቹ ይልቅ ለእኛ የሚስማሙት እነዚህ ናቸው። በክረምቱም ቢሆን ተስፋ ያልቆረጠ ሰው በየ15 ደቂቃው የሚታደሰውን ሜቴኦሳት የተባለውን የአየር ሁኔታ ሳተላይት የኢንፍራሬድ (በሌሊትም ደመናን የሚያሳይ) ምስል በስልኩ እየተመለከተ ደመናው ወዴት እንደሚሄድ መከታተል ይችላል፤ ለነገ ከሚነገር ትንበያ ይልቅ ለሚቀጥለው አንድ ሰዓት ይህ ይበልጥ ይረዳል።

ስላመለጠዎት ግርዶሽ እናዝናለን። ከኢትዮጵያ የሚታየው ቀጣዩ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ምሽት ነው፤ ከ1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጀምሮ ጨረቃ ለ71 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ ትቆያለች። ሩቅ ነው፤ የወሩን ስም ግን ይመልከቱት። ታኅሣሥ ነው፣ ጳጉሜን አይደለም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። ከውጭ አገር የሚኖር ወንድሜ ከዋክብትን ተከትሎ የሚዞር ትራከር ላከልኝ፤ ሆኖም መመሪያው በሰሜን ኮከብ ላይ አስተካክል ሲለኝ ኮከቡን አንድም ቀን ላገኘው አልቻልኩም። ባገኘውም ነፋሱ ካሜራዬን እያርገበገበ ከዋክብቱን ትል ያስመስልብኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው ተመልካቹ ካለበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። በአዳማ ይህ 8 ዲግሪ ተኩል ነው፤ እጅዎን ወደፊት ዘርግተው ጡጫዎን ከአድማሱ በላይ ቢያስቀምጡት ኮከቡ በጡጫዎ ሊሸፈን ይችላል። ብርሃኑ ከራስ በላይ ካለው አየር ከስድስት እጥፍ በላይ በሆነ አየር፣ በአዳማ ደግሞ በአቧራና በከተማ መብራት ውስጥ ስለሚያልፍ ቢያጡት አይገርምም። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ኮከቡ ከፍ ብሎ በሚታይበት አገር የሚኖሩ ይመስለናል።

በሰፊ ሌንስ ለሚሠራ ሰው ግን ኮከቡን ማየት ግዴታ አይደለም። ሰሜንን በኮምፓስ ይያዙ፤ በአገራችን የኮምፓስ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን የሚያፈነግጠው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ስልኩን ከብረታ ብረትና ከመኪናው ራቅ አድርገው ይለኩ፤ የትራከሩን ዝንባሌ ደግሞ በስልክዎ ላይ ባለው የዘዌ መለኪያ 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ያድርጉት። ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ቢሳሳቱ እንኳ በ18 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1 ደቂቃ ሙሉ ከፍተው የከዋክብቱ መንሸራተት ለዓይን አይታወቅም፤ በ50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ20 ሰከንድ አይለፉ። አንዳንድ የትራከር ማዘንበያዎች ወደዚህ ዝቅተኛ ዲግሪ አይወርዱም፤ የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ የትራይፖዱን አንድ እግር በማሳጠር ጉድለቱን ማሟላት ይቻላል።

ስለ ነፋሱ፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በአዳማ ዙሪያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከእሱ ጋር መታገል አይቻልም፣ መሸሸግ ግን ይቻላል። የትራይፖዱን መካከለኛ ምሰሶ ፈጽሞ አያውጡ፣ እግሮቹንም አጭርና ሰፊ አድርገው ከመኪና ወይም ከግንብ ጥግ ይትከሉ። ቦርሳ ማንጠልጠል የሚመክሩ አሉ፤ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ቦርሳ ግን ራሱ ካሜራውን ያርገበግበዋልና መሬት ነክቶ እንዲቀመጥ ያድርጉ። የካሜራውን ማንገቻ ይፍቱት፤ በነፋስ ጊዜ እንደ ባንዲራ የሚውለበለበው እሱ ነው። ረጅም ፎቶ በማንሣት ፈንታ አጫጭር ፎቶዎችን አብዝተው ቢያነሡ ነፋሱ ያበላሸውን ጥለው የቀረውን ለመደራረብ ያመቻል። ሌንስ ከቀየሩ መኪና ውስጥ ይቀይሩ፤ አቧራ ከገባም በመንፊያ ያስወጡት እንጂ በጨርቅ አይንኩት።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የምማር ተማሪ ነኝ፤ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። እኔስ?

መልስ፦ የስልክህ ካሜራ ፕሮ የሚባል ክፍል ካለው አይ ኤስ ኦውን ወደ 1600፣ ጊዜውን ወደ 15 ሰከንድ አድርገህ ስልኩን በድንጋይ ወይም በጫማ አስደግፈህ የሦስት ሰከንድ ማዘግያ ተጠቀም፤ በእጅ ከተያዘ ምንም አይወጣም። በጥቅምት ምሽት ከሐይቁ ዳር ወደ ደቡብ ምዕራብ ብታዞረው የፍኖተ ሐሊብን ነጭ ደመና መሰል መስመር ማግኘት ትችላለህ። ጨረቃን በስልክ አጉልቶ ለማንሣት ግን አትድከም፤ ይልቅ ቀጭን ሆና ገና በወጣችበት ምሽት፣ ሐይቁ ላይ ገና የምሽቱ ብርሃን ሳለ፣ ከጀልባዎቹ ጋር አንሣት።